የቴኔሲ የሕፃናት ሕግ፤ ውልደቱና መታረሙ

በተባበሩት የአሜሪካ ግዛቶች ስለ መኪናና ስለ መንገድ የመደንገግ ሥልጣን ከመጀመሪያው አንሥቶ በአብዛኛው በየግዛቱ የሕግ ምክር ቤት እጅ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ዓ.ም. የኮነቲከት ግዛት መኪና በከተማ ውስጥ በሰዓት ከ12 ማይል፣ ከከተማ ውጭ ደግሞ ከ15 ማይል በላይ እንዳይፈጥን ወሰነ፤ በዚያው ዓመት የኒውዮርክ ግዛት ባለመኪኖች ሁሉ እንዲመዘገቡ አዘዘ፤ ማሳቹሴትስም በ1903 ዓ.ም. ታርጋ ማደል ጀመረ። ይሁን እንጂ እነዚህ ቀደምት ድንጋጌዎች ፍጥነትንና ባለቤትነትን ይመለከቱ ነበር እንጂ በመኪናው ውስጥ ስለ ተቀመጠው ሰው ሥጋ የሚናገሩት አልነበረም፤ ይልቁንም ስለ ራሱ መናገር ለማይችለው ሕፃን የሚያስብ ሕግ እስኪገኝ ድረስ ከሰባ የሚበልጡ ዓመታት አለፉ።

ይህን ጉድለት ሊሞላ የተነሣው የሕግ ሊቅ ሳይሆን ሐኪም ነበር። ሮበርት ሳንደርስ በቴኔሲ ግዛት፣ በመርፍሪዝቦሮ ከተማ የሕፃናት ሐኪምና የአውራጃው የጤና ሹም ሆኖ ሲያገለግል፣ ክትባትና መድኃኒት ከብዙ ደዌ ያዳኗቸውን ልጆች የመኪና ግጭት እንደሚቀጥፋቸው ተገንዝቦ፣ ከባለቤቱ ጋር በመተባበር በናሽቪል የሚሰበሰቡትን የግዛቱን እንደራሴዎች ያለመታከት ይማልድ ጀመር። ምክር ቤቱም በ1977 ዓ.ም. ወላጆች ከአራት ዓመት በታች ያሉ ልጆቻቸውን በልዩ መቀመጫ አስረው እንዲያጓጉዙ የሚያዘውን ሕግ አጸደቀ፤ ሕጉም በጥር 1978 ዓ.ም. ሲጸና በሀገሪቱ ሁሉ የመጀመሪያው ሆነ።

ነገር ግን ሕጉ ከነደዌው ተወለደ። ከእንደራሴዎቹ አንዳንዶቹ እናት ልጅዋን ታቅፋ እንዳትሄድ መከልከል የቤተ ሰብን ነፃነት መንካት መስሎ ስለ ታያቸው፣ ሕፃኑ በታላቅ ሰው ክንድ የታቀፈ እንደ ሆነ ያለ መቀመጫ መጓዝ ይችላል የሚል አንቀጽ ጨመሩበት። ሐሳቡ ከርኅራኄ የመነጨ ቢሆንም ፍጻሜው ሞት ነበር፤ በሰዓት 30 ማይል የሚጓዝ መኪና በድንገት ከግንብ ጋር ሲጋጭ፣ 10 ኪሎ የሚመዝነው ሕፃን ከ200 ኪሎ የሚበልጥ ሸክም ሆኖ ከእናቱ ክንድ ያመልጣልና፤ እርስዋም ራስዋ ካልታሰረች በገዛ አካልዋ ልጅዋን ከመኪናው ግንባር ጋር ትደፈጥጠዋለች። ሳንደርስ ይህን አንቀጽ አጥብቆ ተቃወመ፤ ምክር ቤቱም በ1981 ዓ.ም. ሰረዘው። ከቴኔሲም ምሳሌ ወስደው እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ 50ዎቹም ግዛቶች የየራሳቸውን የሕፃናት ሕግ ደነገጉ።

የታላላቆች ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አልተቃናም። ኒውዮርክ በ1984 ዓ.ም. የደኅንነት ቀበቶን በመጀመሪያ ግዴታ ያደረገች ግዛት ስትሆን፣ የማሳቹሴትስ ሕዝብ ግን ይህን የመሰለውን ሕግ በ1986 ዓ.ም. በድምፁ ሽሮት፣ እስከ 1994 ዓ.ም. ዳግመኛ ሳይጸና ቆይቷል። የሞተር ብስክሌት ነጂዎች ሄልሜት ነገርም እንዲሁ ነው፤ የፌዴራሉ ምክር ቤት በ1976 ዓ.ም. ግዛቶቹን የሄልሜት ሕግ እንዲያወጡ ያስገድድ የነበረውን የገንዘብ ቅጣት ባነሣ ጊዜ፣ ብዙዎቹ ግዛቶች ሕጋቸውን ሻሩት ወይም አላሉት።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው የመንገድ ሕግ አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚታተም ነገር ሳይሆን፣ ሕይወት በመጥፋቷ ወይም በመትረፏ እየተመዘነ የሚታረም መሆኑን ነው፤ የሕግ አርቃቂም ክብሩ አንቀጽ በማብዛቱ ሳይሆን ስሕተቱን በጊዜው በመሰረዙ ይታወቃል። ዛሬ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወገኖቻችን በእነዚሁ ሕጎች ሥር ይኖራሉ፤ በሀገራችንም ልጅን ታቅፎ በመኪና መጓዝ የፍቅር ምልክት ሆኖ ይታያል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ልጅህን የምትወድ ከሆንህ በክንድህ ሳይሆን በመቀመጫው እሰረው።