አካልና ሞተር፦ ከሰርኪስ ባቡር እስከ ገረሴ ዳገት

በእንግሊዝና በአሜሪካ አንድ ልማድ አለ፤ ዘመኑ ያለፈበትን የአውቶሞቢል መልክ ከፋይበርግላስና ከብረት ቱቦ እንደ ገና ሠርቶ ካስነሣ በኋላ፣ በውስጡ የጥንቱን ሳይሆን ከፋብሪካ በሣጥን ታሽጎ የሚመጣውን የዛሬውን ሞተር የሚተክል፣ የትኛውን እንደሚተክልም ወራት ሙሉ ሲያወጣና ሲያወርድ የሚከርም ብዙ ሰው በዚያ ይገኛል። ይህ ነገር ከአርባ ምንጭ ቆላ ተነሥቶ ወደ ቦንኬ ደጋ ለመጣና በገረሴ መናኸሪያ ተራውን ለሚጠብቅ መንገደኛ የቅንጡዎች ጨዋታ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ሊሳፈርበት ያለው ቅጥቅጥ አውቶቡስ አካሉ በአገር ቤት እጅ የተበየደ፣ ሞተሩና ሻንሲው ግን ለጭነት ተብሎ በጃፓን ፋብሪካ የታሰበ ስለሆነ፣ መንገደኛው ሳያውቀው የዚያው ጥያቄ ወራሽ ነው። ልዩነቱ ባሕር ማዶ ያለው ሞተሩን የሚመርጠው ለተድላው ሲሆን እኛ የመረጥነው ለዳገቱ መሆኑ ነው።

የባሕር ማዶውን ታሪክ ባጭሩ ላውሳ። ኮሊን ቻፕማን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1957 ሎተስ ሰቨን የተባለችውን ቀላል መኪና ዕቃዋን ሳይገጣጥም እየሸጠ ገዢው በገዛ ቤቱ እንዲያቆማት ያደረገው ለጥበብ ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ ተገጣጥሞ በሚሸጠው ላይ የተጣለው የግዢ ግብር ባልተገጣጠመው ላይ አይከፈልም ነበርና፣ ያ ግብር እ.ኤ.አ. በ1973 በሌላ ሲተካ የልማዱ አንዱ ጥቅም አብሮ ቀረ። አሜሪካዊው ካሮል ሸልቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 ኤ ሲ የተባለውን የእንግሊዝ ኩባንያ ቀላል አካል ከፎርድ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ጋር አዋሕዶ ኮብራን አስገኘ፤ ቅጅ ሠሪዎችም ከዚያ ወዲህ ከእርስዋ የተሻለ አርአያ አላገኙም። በጥቂት ጊዜ ውስጥ የተተከለባት 4.7 ሊትር ሞተር 271 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፣ ጄኔራል ሞተርስ በኋለኛው ዘመን በሣጥን የሸጠው ኤል ኤስ 3 የተባለው 6.2 ሊትር ሞተር 430 ደርሶአል። ነገር ግን ጉልበት የምርጫው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም፤ የሞተሩ ክብደት የፊት እግሩን ይጫነዋልን፣ የዘይት ቋቱ ከሻንሲው ተሻጋሪ ብረት ጋር ይጋጫልን፣ የጭስ ማውጫው ለመሪው ዘንግ ቦታ ይተውለታልን፣ ካምቢዮው ይስማማዋልን ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። የዛሬ ሞተር ደግሞ ኮምፒዩተሩንና የሽቦውን ዘለላ ሳያስከትል ብቻውን አይመጣም።

በእኛ አገር የትኛው ሞተር ይሻላል የሚለው ጥያቄ የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው፣ ሕዝቡም በስሙ ሰርኪስ ባቡር እያለ የጠራው በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ፣ እንጨቱንና ውኃውን እየበላ የሚያዘግም ከባድ መሣሪያ ነበረ፤ በ1900 ዓ.ም. ግድም ግን ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለችውን መኪና፣ አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊም የአገሩን መኪና ይዘው ወደ አዲስ አበባ ሲደርሱ፣ በቤንዚን የሚነድደው ቀላል ሞተር እንፋሎቱን ረታው። ኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴም ወደ ጀርመን ተልከው የአውቶሞቢልን ሙያ ተማሩ፤ በዚያው በነበሩበት ወራት ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋልና፣ የሞተር ጥበብና የዘፈን ሸክላ በአንድ ሰው አማካይነት ወደ አገራችን መግባታቸው ከታሪካችን ደስ የሚሉ አጋጣሚዎች አንዱ ነው።

በዚያው በ1900 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ ማስነገራቸውን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ መኪና መንዳትን ከመኳንንት ክብር የቆጠረው ያው ኅብረተሰብ ያቺን መኪና ሊጠግን የሚችለውን ብረት ሠሪ ቡዳ እያለ ይሸሸው ነበርና። ገረሴ በምትገኝበት በጋሞ ደጋም ሥርዓቱ ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ መሬት ያለው ማላ ሲባል፣ ሸክላ ሠሪው ማና፣ ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩ ደጋላ እየተባሉ በጋብቻና በማዕድ ተለይተው ኖረዋል። ማረሻውንና ጦሩን ከእነርሱ እጅ የተቀበለው ደጋ ለእጃቸው ክብር መንሣቱ፣ ብየዳና ባትላሜራ እንደ ማንኛውም የከተማ ሙያ ተቈጥሮ ልጆች ሁሉ ሊማሩት እስኪጀምሩ ድረስ ጥበቡን ስንት ትውልድ እንዳዘገየው እግዚአብሔር ይወቀው።

ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ከገባ በኋላ መንገዱም የጭነት መኪናውም በዛ፤ ወራሪው ተባርሮ ከወጣም ወዲያ ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ቴስታታው፣ ባሌስትራውና ቸርኬው ከነስማቸው በጋራዦቻችን ቀሩ። በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ከተቋቋመ፣ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማም በ1950ዎቹ ከጨንቻ ደጋ ወደ አርባ ምንጭ ከወረደ በኋላ፣ ከሐይቆቹ ዳር ወደ ደጋዎቹ መውጣት የባለ መኪናው የዘወትር ፈተና ሆነ። በዚያ ዘመን ወደ ገጠሩ የዘለቀው ላንድሮቨር ባለ 2.25 ሊትር የቤንዚን ሞተሩ ሲደክም፣ ባለቤቱ መኪናውን ከመጣል ይልቅ ሞተሩን አውርዶ የቶዮታን ወይም የሌላውን የናፍጣ ሞተር መትከልን መረጠ። ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ከተፈታ መኪና የወጣ ሞተር ይገዛል፤ በሞተሩና በነባሩ ካምቢዮ መካከል የሚገባ ወፍራም የብረት ሰሌዳ በቶርኖ ይፈጫል፤ የሞተሩ መቀመጫ ከሻንሲው ላይ ተቈርጦ በአዲስ ስፍራ ይበየዳል። ባሕር ማዶ በካታሎግ ታዝዞ በሣጥን የሚመጣው ነገር ሁሉ በእኛ ዘንድ በዓይን ግምትና በሜትሮ ተሠርቶአል። ከሞተሮቹ ሁሉ ስሙ የገነነው 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደሩ የቶዮታ 1 ኤች ዜድ ነው፤ የኤሌክትሪክ አእምሮ ስላልተጫነበት በመፍቻና በጆሮ ብቻ የሚጠገን ሞተር ነበርና።

አሁን ወደ ገረሴ ልመለስ። የጫሞ ሐይቅ ከባሕር ጠለል 1100 ሜትር ያህል፣ አርባ ምንጭ ወደ 1300 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ሲኖራቸው፣ ገረሴ ግን ከ2000 ሜትር በላይ ትገኛለች። በዚያ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ በራሱ ትንፋሽ ብቻ የሚሠራ ሞተር በባሕር ጠለል ከነበረው ጉልበት አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል፤ ካርቡራተር ያለው የቤንዚን ሞተር ደግሞ ነዳጁ እንደ ቆላው ሆኖ አየሩ ሲጎድልበት እየታፈነና ጥቁር ጭስ እያወጣ ይወጣል። ስለዚህ በካታሎግ ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት ለቦንኬ ሰው ሙሉው እውነት አይደለም፤ የጎደለውን አየር በግድ የሚያስገባ ቱርቦ ያለው ትንሽ ሞተር፣ ቱርቦ የሌለውን ትልቁን በዳገት ሊበልጠው ይችላል።

ወደ እነዚህ ደጋዎች የሚመላለሰው ቅጥቅጥ ኤን ፒ አር በተባለው የአይሱዙ ጭነት መኪና ላይ የሚሠራ ነው። የዕቃ መጫኛው ተነሥቶ በስፍራው ከማዕዘን ብረት አጥንት ይቆማል፤ በላዩ ላሜራ ይለበጣል፤ ወንበር ተደርድሮ የጣሪያው ጭነት ማሰሪያ ከተበየደ በኋላ፣ ገብስ፣ ድንችና የእንሰት ቆጮ ከነባለቤቱ የሚጓዝበት አውቶቡስ ይሆናል። ከ4 ሊትር የሚበልጠው ባለ አራት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሩ ለሩጫ አልተፈጠረም፤ ዝቅተኛው ማርሹና የዲፈረንሺያሉ አከፋፈል ለጭነት የታሰበ በመሆኑ ግን ቀስ ብሎ የያዘውን አይለቅም። መልካሙን ሞተር የሚለየው ደግሞ ዳገት መውጣቱ ብቻ አይደለም፤ ከገረሴ ወደ ቆላው ሲወረድ ሹፌሩ በፍሬን ብቻ ቢተማመን ፍሬኑ ግሎ ይከዳዋልና፣ በጭስ ማውጫው ላይ ያለውን ማፈኛ ዘግቶ በከባድ ማርሽ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ ያደርጋል። የኮብራን ቅጅ የሚሠራው ሰው ሞተሩ ምን ያህል እንደሚገፋ ሲጠይቅ እንጂ ምን ያህል እንደሚይዝ ሲጠይቅ አልሰማሁም።

የቅጥቅጥ ነቀፋም አለ፤ እውነትም ነው። ላሜራውና የጣሪያው ጭነት ሲደመሩ የመኪናው ክብደት ወደ ላይ ይወጣል፤ ፋብሪካው ለጭነት ያሰበው ባሌስትራ መንገደኛውን ያንገላታዋል፤ በመገልበጥ ጊዜም የተበየደው ጣሪያ ምን ያህል እንደሚችል በየጋራዡ ይለያያል። እንግዲህ ሞተሩ ታማኝ ሆኖ ሳለ አካሉ የሚያስጠረጥርበት ይህ ሁኔታ የኮብራ ተቃራኒ ነው፤ በዚያ የሚያስፈራው ሞተሩ ነበርና። ሕጉም ይህን አይዘነጋም፤ በሊብሬው ላይ የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ሁለቱም ይሰፍራሉ፤ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681ም ምዝገባውንና ዓመታዊውን የቦሎ ምርመራ ይገዛል። ሞተር ለውጦ በሊብሬው ላይ ያላስመዘገበ ሰው ሲሸጥ ወይም ሲመረመር ይቸገራል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የምርጫው ነገር መልኩን ለውጦአል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ የገረሴ ከፍታ ከጉልበቱ አይቀንስበትም፤ ወደ ቆላው ሲወርድም ራሱ እየያዘ ባትሪውን መልሶ ይሞላል፤ ስለ ዳገቱ ብቻ ከሆነ ለዚህ ደጋ ከእርሱ የሚሻል ሞተር ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ባትሪው ከባድና ውድ ነው፤ በገጠሩ መንገድ ዳር የሚሞላበት ስፍራ የለም፤ ሲበላሽም በመፍቻና በጆሮ የሚጠግነው መካኒክ ገና አልተገኘም። እስኪገኝ ድረስ የአይሱዙው ሲሊንደር እየተፋቀ፣ ፒስቶኑም እየተለወጠ ሥራውን ይቀጥላል።