ጀርሙ ከደም ነው ወይስ ከቆዳ? የደም ካልቸር ታሪክና አንድ ጥያቄው

የደም ካልቸር ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የላቦራቶሪ ታሪክ ሆኖ ይተረካል። እኔ ግን ታሪኩ ከታካሚው አልጋ አጠገብ እንደሚጀምር ላስረዳ እወዳለሁ።

በ1879 እ.ኤ.አ. ሉዊ ፓስተር በወሊድ ትኩሳት በተያዙ እናቶች ዘንድ ዛሬ ስትሬፕቶኮከስ የምንለውን፣ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ባክቴሪያ ለፓሪስ ሐኪሞች አሳየ። የእናቶቹን ደም መመርመር የዚህ ሥራ አካል ነበር።

ደምን በካልቸር መመርመር ሲስፋፋ አንድ ጥያቄ አብሮት ዘለቀ፦ በጠርሙሱ ያደገው ጀርም ከደሙ ነው ወይስ ከቆዳው? መርፌ የሚያልፈው በቆዳ ነው፤ በቆዳም ላይ ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስን የመሰሉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እነርሱ ወደ ጠርሙሱ ከገቡ ታካሚው የማያስፈልገውን አንቲባዮቲክ ሊወስድ ይችላል።

በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ሲስፋፋ ተቃራኒው ስሕተት ጎላ፤ መድኃኒት ቀድሞ ከተሰጠ፣ በደም ውስጥ ያለው ጀርም በጠርሙሱ ላያድግ ይችላል።

የዛሬው ደንብ ለሁለቱም የተሰጠ መልስ ነው። እጅ ይታጠባል፤ ጓንት ይጠለቃል፤ የጠርሙሱ ክዳን በአልኮል፣ ቆዳው በክሎርሄክሲዲን ይጸዳል፤ እስኪደርቅም ይጠበቃል። ደሙ ከአንቲባዮቲክ በፊት፣ ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች፣ ለአዋቂ በየጠርሙሱ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ይወሰዳል። መርፌው ሳይከደን ወደ ሴፍቲ ቦክስ ይገባል። የቆዳ ባክቴሪያ ከአንዱ ቦታ ብቻ ሲያድግ ብክለት ይጠረጠራል፤ ከሁለቱም ሲያድግ ግን ውጤቱ ክብደት ያገኛል።

ስለዚህ ውጤት የሚያነብ ሐኪም ሁሉ ናሙናው እንዴት እንደተወሰደ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል እላለሁ።