ሞያሌ በዓለም ጦርነት፤ ስማቸው ያልተጻፈ ወታደሮችና ስደተኞች

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መቼ ተጀመረ ተብሎ ቢጠየቅ የትምህርት ቤት መጽሐፍ መልሱ አጭር ነው፤ ነሐሴ 26 ቀን 1931 ዓ.ም. ጀርመን ፖላንድን በወረረች ዕለት። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።) ለሞያሌ ሰው ግን ይህ መልስ አይሆነውም። እዚህ ጦርነቱ የደረሰው ከአውሮፓ ቀድሞ ነው፤ የመጣውም በወታደር ሳይሆን በስደተኛ እግር ነው።

ጥር 1928 ዓ.ም. የጄኔራል ግራዚያኒ ጦር የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት በገናሌ ዶርያ ወንዝ አካባቢ ሰብሮ ነገሌን ያዘ። ራስ ደስታ ወደ ሲዳሞ ደጋ አፈግፍገው ከአንድ ዓመት በላይ ተዋጉ፤ የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ። የደቡቡ ግንባር እንዲህ ሲፈርስ ከተረፈው ሠራዊት ብዙው ከነቤተሰቡ የቦረናን ሜዳ አቋርጦ ወደ ኬንያ ገባ። በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በእንግሊዝ መካከል በተፈረመ ውል የተሰመረው ድንበር፣ የቦረናን ከብት አርቢ ከግጦሹና ከዘመዱ የለየው ያው መስመር፣ ለእነዚህ ሰዎች የነፍስ መሸሸጊያ ሆነ።

መሸሸጊያ ይባል እንጂ አቀባበሉ የሞቀ አልነበረም። እንግሊዝ በዚያ ወቅት ከጣሊያን ጋር መጋጨት አትፈልግም፤ እንዲያውም በ1931 ዓ.ም. ወረራውን በይፋ እስከ መቀበል ደርሳለች። በሺዎች የሚቆጠሩት ስደተኞች መሣሪያቸውን አስረክበው መጀመሪያ በኢሲዮሎ፣ ኋላም ከኪሊማንጃሮ ግርጌ በታቬታ ካምፕ እንዲቀመጡ ተደረገ። ከመካከላቸው ከጣሊያን ጦር የከዱ ኤርትራውያንም ነበሩ። ትናንት በጦር ሜዳ ፊት ለፊት የተያዩ ሰዎች በአንድ አጥር ውስጥ ከአንድ ራሽን ተካፍለው ኖሩ። ስለ አርበኞች ታሪክ ብዙ ተጽፏል፤ ስለዚህ የካምፕ ኑሮ ግን የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው።

ጣሊያን ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ስታውጅ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። በሞያሌ ሁለቱ ምሽጎች፣ የእንግሊዙና የጣሊያኑ፣ በጥይት ርቀት ይተያዩ ነበር። ሰኔ 24 ቀን የጣሊያን ጦር የእንግሊዙን ምሽግ ማጥቃት ጀመረ። ምሽጉን የያዘው ከንጉሡ የአፍሪካ ጠመንጃ ያዦች ጦር አንድ ሻምበል ብቻ ነበር። ሊደርስለት የተላከው ኃይል ሰብሮ መግባት አልቻለም። ሁለት ሳምንት ያህል በመድፍ ሲደበደብ ቆይቶ ሐምሌ 8 ቀን ሊነጋ ሲል ሻምበሉ በጨለማ ከከበባው ሾልኮ ወጣ። ጣሊያኖች ሞያሌን ከያዙ በኋላ ወደ ደቡብ ገፍተው ቡናን ጨመሩ።

በየጦር ታሪኩ መጽሐፍ ይህ ሁሉ «እንግሊዝና ጣሊያን በሞያሌ ተዋጉ» ተብሎ ያልፋል። ምሽጉ ውስጥ የነበሩት ግን በአብዛኛው የኒያሳላንድ፣ የዛሬዋ የማላዊ፣ ልጆች ነበሩ። በማዶ በኩል የቆሙትም ቢሆኑ ብዙዎቹ ጣሊያን ከቅኝ ግዛቶቿ የመለመለቻቸው አፍሪካውያን ናቸው። ሁለቱም ወገን እነዚህን ወታደሮች የሚጠራቸው በአንድ ቃል ነው፤ አስካሪ። የማላዊው ገበሬ ልጅ ከሐማሴኑ ወይም ከሶማሊያው ልጅ ጋር ምን ጠብ ነበረው? ሞያሌ ላይ የተገናኙት አዛዦቻቸው ስላገናኟቸው ነው።

የአገሬውም ሰው በሁለቱ መካከል ነበር። ቦረና የሚኖረው በውሃ ነው፤ በበጋ ሕይወቱን የሚያቆዩለት ዘጠኙ የቱላ ጉድጓዶች ናቸው፤ እነሱም በኢትዮጵያ በኩል ይገኛሉ። ግጦሹ ደግሞ ድንበር አያውቅም። በዚህ ደረቅ አገር ጦር ሲንቀሳቀስ መንገዱን የሚመርጠው እንደ ከብት አርቢው በውሃ ነውና፣ ሠራዊቱ የሰፈረበት ጉድጓድ ሁሉ አርቢው የሚፈልገው ጉድጓድ ነበር። የጦር ሪፖርቶች ውሃውን በጥንቃቄ ይመዘግባሉ፤ ከውሃው ዳር የተነሣውን ሰው ግን እምብዛም አያነሡም።

እንግሊዝ አሁን ስደተኞቹን አስታወሰቻቸው። ከታቬታ ወጣቶች ተመልምለው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ተቋቋመ፤ ወደ ሱዳንም ተወስዶ ከዊንጌት የጌዴዎን ጦር ጋር ጎጃም ገባ። በደቡብ የወጡት ሰዎች ወደ አገራቸው የገቡት በምዕራብ ዞረው ነው ማለት ነው። የካቲት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከቡሬ ወደ ደምበጫ የሚያፈገፍገው እጅግ የሚበልጣቸው የጠላት ጦር ጨረቃ ወንዝ ላይ ሲደርስባቸው ተጋፍጠው ተዋጉ፤ ብዙም ተጎዱ።

የተማረኩት ጣሊያኖች ደግሞ በተራቸው ወደ ኬንያ ተጋዙ። እነሱ መታሰቢያ አላጡም። ከናይሮቢ ወደ ናይቫሻ በሚወስደው ቁልቁለት፣ በማይ ማሂዩ አጠገብ፣ መንገዱን ሲሠሩ የገነቧት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ አለች። ከአዲስ አበባ የመጣው ምርኮኛ ፌሊቼ ቤኑዚ ከናንዩኪ ካምፕ ሾልኮ የኬንያን ተራራ ከወጣ በኋላ ተመልሶ እጁን ሰጠ፤ የጻፈው መጽሐፍም በዓለም ተነበበ። በአንጻሩ በናይሮቢ መሃል የቆመው የአስካሪዎች ሐውልት የአንድም ሰው ስም አልተቀረጸበትም። ቤኑዚን አልወቅሰውም፤ ብዕር ነበረው፣ ጻፈ። የታቬታው ሰው ግን ብዕር የሚያውስ አላገኘም።

ወደ ሞያሌ እንመለስ። ጥር 1933 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ አንደኛው የደቡብ አፍሪካ ክፍለ ጦር ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ሜጋ ተጠጋ። ከእርሱም ጋር ኢ-መደበኛ የተባሉ የኢትዮጵያ ተዋጊዎች ተመድበው ነበር። ለበረሃ የለበሱት ደቡብ አፍሪካውያን ሜጋ ላይ ያላሰቡት ብርድና ዝናብ ገጠማቸው፤ ምሽጉ ግን የካቲት 11 ቀን እጁን ሰጠ፤ ወደ 1,000 የሚጠጉ ተማረኩ። ከዚያ በኋላ ሞያሌን ለመያዝ ታንክም መድፍም አላስፈለገም። የካቲት 15 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ ከተማዋ የገባው የእነዚያው ኢትዮጵያውያን ተዋጊዎች ቃፊር ነበር።