«አንደበቱ ተዘጋ»፦ የአንድ አነጋገር ታሪክና ሁለት ስያሜዎች

ከጉለሌ ሽቅብ በእንጦጦ ማርያም በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. በጽኑ ታመሙ። ሕመሙ የአንጎል ደም ሥር ሕመም ነበር፤ አካላቸውንም አንደበታቸውንም አሰረው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ አራት ዓመት ያህል አገር ፈቃዳቸውን ከአንደበታቸው መስማት አልቻለም። በስማቸው ያዝዙ የነበሩት እቴጌ ጣይቱም በመጋቢት 1902 ዓ.ም. በመኳንንቱ ከሥልጣን ተወገዱ።

ቋንቋችን እንዲህ ያለውን ሕመም «አንደበቱ ተዘጋ» ይለዋል። አነጋገሩ ያማረ ነው፤ ዳሩ ግን አንደበትን እንደ አንዲት በር ስለሚቈጥር፥ በሩ ሲዘጋ ሐሳብም ስሜትም አብረው የጠፉ ያስመስላል። የሕክምና ታሪክ የሚያስረዳን ግን በሮቹ ከአንድ የበለጡ መሆናቸውን ነው።

በ1861 እ.ኤ.አ. ፖል ብሮካ በፓሪስ አጠገብ በቢሴትር ሆስፒታል የመረመረው ሕመምተኛ 21 ዓመት ያህል «ታን» ከምትል ድምፅ በቀር የሚናገረው አልነበረውም። ሆኖም በምልክት የገለጸውን ሰው ሳይረዳለት ቀርቶ ሲቈጣ የስድብ መሐላ ያወጣ ነበር። በሞተ ጊዜ የአንጎሉ ግራ ወገን ከፊት በኩል ተጐድቶ ተገኘ። ቀጥሎም እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን ነገር የሚያስረዳው ንግግርና ስሜት የሚያወጣው ንግግር ልዩ ልዩ መሆናቸውን አስተማረ። ይህን ያላወቀ ቤተሰብ፥ ውሃ መለመን የተሳነው አባት «ወይኔ!» ወይም «እግዚኦ!» ሲል ቢሰማ፥ «መናገርስ ይችላል፤ እኛን ጠልቶ ነው» ብሎ ያዝንበታል።

ተገላቢጦሹም አለ። በ1981 እ.ኤ.አ. ኤልየት ሮስ እንደ ገለጸው፥ የአንጎል ቀኝ ወገን ሲጐዳ ቃሉ ሳይነካ የስሜቱ ዜማ ሊጠፋ ይችላል። በአማርኛ «እሺ» እንደ ድምፀቱ ፈቃድም፥ ዛቻም፥ መሰልቸትም ይሆናል። ይህን ድምፀት ያጣች እናት ልጇን «ናፍቀኸኛል» ብትለው ቃሉ ደርቆ ይሰማዋል፤ ሆዷ ግን እንደ ቀድሞው ሊባባ ይችላል። በርግጥ ክፍፍሉ ፍጹም አይደለም፤ በንግግር ሁለቱም የአንጎል ወገኖች ይተባበራሉ። ቢሆንም ልዩነቱ ስም የሚገባው ነው።

ስለዚህ ለፊተኛው ጉዳት «የቃል እጦት»፥ ለኋለኛው «የድምፀት እጦት» የሚሉትን ስያሜዎች እናቀርባለን። ሁለቱም ከሕዝብ አፍ ያልራቁ፥ ያለ ማብራሪያ የሚገቡ ናቸው። «አንደበቱ ተዘጋ» ከመዝገበ ቃላት ይውጣ አንልም፤ የወል አጠራር ሆኖ ይቈይ፥ ሁለቱ ግን በሥሩ ተለይተው ይሰፈሩ።

ይህም የቃላት ጨዋታ አይደለም። ዛሬ በዚያው በጉለሌ፥ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፥ ከአልጋ አጠገብ የሚቆም አስታማሚ ቃል ያጣ ሰው ስሜት እንዳላጣ፥ ድምፀት ያጣም ፍቅር እንዳላጣ የሚያስታውሰው ስም ያስፈልገዋል።