ደም ደረስ ድርሻ፦ ከውፍረት ቀዶ ጥገና በኋላ ምግብ፣ ኪኒንና ቡና

ባዮአቬይለቢሊቲ የሥነ ምግብና የመድኃኒት ባለሙያዎች ከአፋቸው የማይለዩት ቃል ነው። ከበላነው ምግብ ወይም ከዋጥነው ኪኒን ውስጥ የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ የሚገባውን፣ ሰውነትም ሥራ ላይ የሚያውለውን መጠን ይመለከታል። በአማርኛ «ደም ደረስ ድርሻ» ልንለው እንችላለን፤ አበጃጀቱ ከ«ሰማይ ጠቀስ» ጋር አንድ ነው። ለአጋሮ ወይም ለሊሙ ገነት ቡና አምራች ሐሳቡ እንግዳ አይሆንበትም። ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ቡና ቢያስረክብ፣ ተፈልፍሎ፣ ታጥቦና ደርቆ ሲያበቃ የሚገኘው ንጹሕ ቡና 1 ኪሎ ገደማ መሆኑን ያውቃል። ምግብም እንዲሁ ነው፤ ገበታ ላይ የቀረበውና ደም ውስጥ የሚደርሰው እኩል ሆነው አያውቁም። ከልክ ያለፈ ውፍረትን ለማከም የሚደረገው የጨጓራ ቀዶ ጥገና ደግሞ ይህን ድርሻ ለዕድሜ ልክ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሚታዘዙት ቫይታሚኖችና ማዕድናት የሕክምናው አካል ናቸው እላለሁ። በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች ደግሞ ቡና የሚጠጣበት ሰዓትም የሕክምናው አካል ሊሆን ይገባል።

ቀዶ ጥገናው የተለያዩ ዓይነቶች ቢኖሩትም በብዛት የሚሠሩት ሁለት ናቸው። ስሊቭ በሚባለው ከጨጓራው 80 በመቶ ገደማ ተቆርጦ ይወጣና የቀረው ቀጭን ቱቦ ይሆናል። ጋስትሪክ ባይፓስ በሚባለው ደግሞ ከጨጓራው አናት ላይ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ የሚይዝ ከረጢት ይበጅና ዝቅ ብሎ ካለው የቀጭን አንጀት ክፍል ጋር ይያያዛል። ምግቡ የቀረውን ጨጓራና ዱዮዲነም የተባለውን የቀጭን አንጀት መነሻ ሳይነካ ያልፋል። ብረትና ካልሲየም በዋናነት ወደ ደም የሚገቡት ግን በዚያው በሚታለፈው ክፍል ነው። ስሊቭ አንጀትን ባይነካም የጨጓራውን አሲድ ይቀንሳል፤ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት ሟሙቶ ለመመጠጥ አሲድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሰውየው የሚበላው ማነሱ ብቻ ሳይሆን ከበላውም የሚደርሰው ያንሳል። ክብደቱ ሲቀንስ ሁሉም ያያል፤ ብረቱና ቫይታሚኑ ሲያልቅ ግን ማንም አያይም። ቤተሰብም «እንኳን ቀለለህ» እያለ በሚደሰትበት ጊዜ የሚመጣ ጉድለት በመሆኑ በጊዜ የሚነቃበት ሰው ጥቂት ነው።

ቫይታሚን ቢ12 ነገሩን በቁጥር ለማየት ይመቻል። ጤነኛ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ቫይታሚኑ ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ተላቅቆ ወደ ደም ለመግባት ግን በመጀመሪያ የጨጓራ አሲድ፣ ቀጥሎም ኢንትሪንዚክ ፋክተር የተባለ ከጨጓራ ግድግዳ የሚመነጭ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ቀዶ ጥገናው ሁለቱንም ይቀንሳል። ያለዚህ ፕሮቲን እገዛ በራሱ ሰርጎ የሚገባው ከተወሰደው 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የአሜሪካ የሜታቦሊክና የባሪያትሪክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባሻሻለው መመሪያ በቀን ከ350 እስከ 500 ማይክሮግራም በአፍ፣ አለበለዚያ በወር አንዴ 1,000 ማይክሮግራም በመርፌ እንዲወሰድ ማዘዙ ከዚህ የተነሣ ነው። የ350 ማይክሮግራም 1 በመቶ 3.5 ነው፤ የዕለቱን ፍላጎት በጥቂቱ ያልፋል። ከሚያስፈልገው ከመቶ እጥፍ በላይ የሆነ መጠን በኪኒኑ ብልቃጥ ላይ አንብቦ የሚደነግጥ ሰው፣ መጠኑ ለጨጓራው ሳይሆን ለደሙ የተሰላ መሆኑን ቢረዳ ፍርሃቱ ይለቀዋል። ጉበት ቢ12ን ለዓመታት ስለሚያከማች ጉድለቱ በአንደኛው ዓመት ላይታይ ይችላል። «ኪኒኑን ትቼ ምንም አልሆንኩም» የሚለው ክርክር የሚያሳስተውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰውየው የሚኖረው ከድሮው ክምችት ነው፤ ክምችቱ ሲሟጠጥ የደም ማነስና የእጅ እግር መደንዘዝ ይመጣል፣ የነርቭ ጉዳቱም ሁልጊዜ ወደነበረበት አይመለስም።

አሁን ወደ ጅማ ገበታ እንምጣ። በአካባቢው የሚበላው በቆሎ፣ ጤፍ፣ ማሽላና ጥራጥሬ ነው። ጤፍ በብረት የበለጸገ ነው ሲባል ኖሯል፤ ከሚለካው ብረት ከፊሉ ግን በአውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ስለሆነ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። ሊጡ ለሁለትና ለሦስት ቀን መቡካቱ ግን ትልቅ ጥቅም አለው፦ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት ይቀንሳልና ደም ደረስ ድርሻው ከፍ ይላል። ያልቦካ የበቆሎ ቂጣ ይህን ጥቅም አያገኝም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቡናው ይመጣል። ቡና በፖሊፌኖል፣ በተለይም በክሎሮጀኒክ አሲድ፣ የበለጸገ ነው፤ እነዚህ ውሑዶች አንጀት ውስጥ ብረቱን ይዘው እንዳይመጠጥ ያደርጉታል። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የብረት መመጠጥን በ39 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ደግሞ ስለ ሰዓት ያገኘው ውጤት ነው። ከምግብ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ የተጠጣ ቡና ምንም አልቀነሰም፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን ከምግቡ ጋር እንደተጠጣው ያህል ቀንሷል። ምሳ ተበልቶ፣ ሳህን ተነሥቶ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ አቦል እስኪቀዳ ያለው ጊዜ ልክ በዚያው መጥፎ ሰዓት ውስጥ ይወድቃል፤ ቶናና በረካም ይከተላሉ።

አንድ ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ ሊያስቆመኝ ይችላል። ጥናቱ የተደረገው በአሜሪካ ምግብ ነው፤ በእንጀራና በሽሮ አይደለም። በአንድ ማዕድ ላይ የተለካ ነገር ደግሞ የዓመታት ውጤትን በቀጥታ አይናገርም፤ ብረት ያነሰው ሰውነት ከአንጀት የሚስበውን መጠን ከፍ አድርጎ ራሱን ያስተካክላልና። ሁለቱም ተቃውሞዎች ትክክል ናቸው፤ ለጤነኛ ሰውም ጉዳዩን ያቀልሉታል። ለቀዶ ታካሚው ግን ነገሩን ያከብዱታል። ሰውነት ራሱን የሚያስተካክልበት ዋናው ቦታ ባይፓሱ የዘለለው ዱዮዲነም ነው፤ ማስተካከያው በጎደለበት ሰው ላይ ትንሽ ቅነሳም ዋጋ አላት። የምግቡ ልዩነትም የሚያጽናና አይደለም፤ ቡና በዋናነት የሚያግደው ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ነው፣ የጅማ ገበታም አብዛኛው ይኸው ነው። በተጨማሪም እኔ የምጠይቀው ቡና እንዲቀር አይደለም። ጎረቤት ተጠራርቶ የሚጠጣው ቡና በእነዚህ ከተሞች የማኅበራዊ ኑሮ ምሰሶ ነው፤ የሚያስቀር ምክርም የሚሰማው የለም። ሐኪሙ ቡና ከፈቀደበት ጊዜ አንሥቶ፣ ከምሳ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ወይም ከምሳ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዓት ዘግይቶ መጠጣት ይቻላል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ፈሳሽ ከምግብ ጋር እንዳይወሰድና ከማዕድ በኋላም ግማሽ ሰዓት እንዲጠበቅ ስለሚመከር፣ የገበታውን ሰዓትና የቡናውን ሰዓት መለየት ከአጠቃላይ ሥርዓቱ ጋር ይገጥማል። ስኳሩም ይቀነስ፤ በባይፓስ ያለፈ ሰው ብዙ ስኳር ሲወስድ ምግቡ በፍጥነት ወደ አንጀት እየወረደ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠንና ተቅማጥ ያመጣበታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከቤተሰብ የሚመጣ ነው፦ በደንብ ከበላ ኪኒን ምን ያደርግለታል? ዶሮ ወጥ፣ ጥብስ፣ ወተትና እንቁላል እያለ? ቅንነቱ አያከራክርም፤ ስሌቱ ግን አይገጥምም። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። አንድ እንቁላል የሚሰጠው 6 ግራም ገደማ ነው። ጥቂት ጉርሻ በሚይዝ ከረጢት ውስጥ እንጀራው ቀድሞ ከገባ ለእንቁላሉ ቦታ አይተርፍም፤ ስለዚህ አይቡ፣ እንቁላሉ፣ ዓሣው ወይም ሥጋው ይቅደም፣ እንጀራው ይከተል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቢ12ና ቫይታሚን ዲ ከምግብ ብቻ አይሞሉም። የወር አበባ ለምታይ ሴት፣ እንዲሁም ስሊቭ ወይም ባይፓስ ላደረገ ታካሚ የሚመከረው ብረት በቀን ከ45 እስከ 60 ሚሊግራም ነው፤ ካልሲየም ከ1,200 እስከ 1,500 ሚሊግራም። ሁለቱ አንጀት ውስጥ ስለሚሻሙ ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ይኑራቸው። ብረቱ ከወተትና ከማኪያቶ ርቆ፣ ከብርቱካን፣ ከፓፓያ ወይም ከዘይቱን ጋር ቢወሰድ ይሻላል፤ በፍራፍሬዎቹ ያለው ቫይታሚን ሲ ደም ደረስ ድርሻውን ያሳድገዋል። ካልሲየም ሲገዛ ሲትሬት የተባለው ዓይነት ይመረጥ፤ ካርቦኔቱ አሲድ ይፈልጋልና።

ዋጋው አይቻልም የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ በውጭ አገር ለቀዶ ታካሚዎች ተብሎ በልዩ ስም የሚሸጠው ብልቃጥ ውድ ነው። መሠረታዊዎቹ ግን የግድ በዚያ ስም መገዛት የለባቸውም። ለነፍሰ ጡሮች በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ኪኒን 60 ሚሊግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ የያዘ ነው፤ ተመሳሳዩን ለቀዶ ታካሚ ሐኪሙ ሊያዝለት ይችላል። ቢ12 በወር አንድ መርፌ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ይህ ወጪ ከቀዶ ጥገናው በፊት ይሰላ። ለአንድ ቀን ቀዶ ጥገና ቤትና ንብረት ሸጦ፣ ለዕድሜ ልኩ ኪኒን ምንም ሳያስቀሩ መመለስ በጣም አደገኛ ነው። ቀዶ ጥገናው በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ማዶ ይደረግ፣ የሚበላው፣ የሚጠጣውና የሚዋጠው ግን ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው ጅማ፣ ከዚያም አልፎ በአጋሮና በጌራ ነው። ክትትሉም እዚያው መደራጀት አለበት።

ሴቶች በደም ማነስ በሚሠቃዩበት አገር ስለ ውፍረት ቀዶ ጥገና ማውራት ቅንጦት ነው የሚለውን ትችት ቀላል አድርጌ አላየውም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሲታ፣ 8 በመቶዎቹ ደግሞ ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው መሆናቸውን፣ 24 በመቶዎቹም የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ነገር ግን ደም ደረስ ድርሻ ሁለቱንም ወገን ያገለግላል። በጎማ ወረዳ ያለች ነፍሰ ጡር የብረት ኪኒኗን በቡና ብታወራርድ የምትከስረው ከቀዶ ታካሚው ጋር አንድ ነው፤ ለእሷም የሚጠቅማት ምክር ያው ሰዓቱን መለየት ነው። ተጨማሪ ምግብ በአካባቢው አይሠራም የሚል ካለ ደግሞ መልሱ ከጅማ ዞን ራሱ ተገኝቷል። የጅማና የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ባሳተሙት ጥናት፣ የኤችአይቪ መድኃኒት ሲጀምሩ ለሦስት ወር በቀን 200 ግራም የበለጸገ ተጨማሪ ምግብ የተሰጣቸው ታካሚዎች ካልተሰጣቸው ይልቅ ክብደታቸው፣ ጡንቻቸውና የእጃቸው ጉልበት ጨምሯል። በሽታው ሌላ ቢሆንም፣ በዚሁ አካባቢ በየቀኑ የሚወሰድ ነገር ተወስዶ ውጤት ማምጣቱ ተመዝግቧል።

ጾምም መታሰብ አለበት። ቢ12 በዕፀዋት ምግብ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ የፍስክ ምግብ ለረጅም ጊዜ የሚተው ኦርቶዶክሳዊ መርፌውን ወይም ኪኒኑን ማቋረጥ የለበትም። አንዳንድ እንክብሎች ሽፋናቸው ከእንስሳ የሚገኝ ጀላቲን ነው፤ ይህ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ስለሚያሳስብ ፋርማሲስቱን ጠይቆ ሌላ ዓይነት መምረጥ ይቻላል። ረመዳንን መጾም የሚፈልግ ታካሚም ውኃውንና ኪኒኑን በኢፍጣርና በሱሁር መካከል እንዴት እንደሚያከፋፍል አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። ከጾም ሌላ እርግዝናም መታሰብ አለበት፤ ሴቶች ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር እንዲያቆዩት ይመከራሉ።

ከሁሉም አጣዳፊው ግን ቲያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1 ነው። ሰውነት የሚያከማቸው ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ብቻ ነው፤ ደጋግሞ የሚያስታውክ ታካሚ በፍጥነት ይጨርሰዋል። ግራ መጋባት፣ የዓይን መንቀዋለል፣ ሲራመዱ መንገዳገድ ከታየ ጉዳዩ የአንጎል ነው። በዚህ ጊዜ ቲያሚን ሳይሰጥ ግሉኮስ ብቻ ቢሰቀልለት ስኳሩ ቀሪውን ቲያሚን አሟጥጦ ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል። ስለዚህ የቀዶ ጥገናው ዓይነትና ቀን የተጻፈበትን ወረቀት ከመታወቂያዎ ጋር ይያዙ፤ የትኛውም ጤና ጣቢያ ሲገቡ በመጀመሪያ እሱን ያሳዩ፤ ባለሙያው ግሉኮስ ከመስቀሉ በፊት ስለ ቲያሚን ይጠይቁት። ሄሞግሎቢን፣ ፌሪቲን፣ ቢ12፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲን በመጀመሪያው ዓመት በየጥቂት ወሩ፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ያስመርምሩ፤ ደህና ነኝ ብለው አይተዉት።