ኩኩሉ ሮጠች፤ ሒሳቡን ማን ይክፈል?

ናዝሬት ያደገ ሰው ሁሉ (አዳማ በሉን ካላችሁም እሺ፣ በሁለቱም ስሟ ትሰማለች) ዓይኑን ግድግዳ ላይ ደፍቶ «ኩኩሉ!» ብሎ ያውቃል። የተደበቁት ደግሞ «አልነጋም!» ይሉታል። በ2018 (ዓመቶቹን ሁሉ የፈረንጅ ብላችሁ አንብቡልን) አዲስ አበባ ያለ አንድ አነስተኛ ድርጅት ይህችን ቃል ወስዶ የስልክ ጌም ስም አደረጋት። ድርጅቱ ቅኔ ጌምስ ይባላል፣ መሥራቹ ዳዊት አብርሃም ነው። ጌሙ ውስጥ የምትሮጠው ዶሮ ናት። አሳዳጅ አለባት፤ ትዘላለች፣ ታጥፋለች፣ ከተያዘች አለቀላት። በዶሮ ወጥ አገር ከዚህ የበለጠ በቂ ምክንያት ያለው ሩጫ እኛ አናውቅም!

ነገሩን እንደ ቀልድ አትዩብን። እስከዚያ ድረስ ስክሪን ላይ ያየናቸው እንስሳት በሙሉ የውጭ አገር ዜጎች ነበሩ። መጀመሪያ የኖኪያዋ እባብ መጣች። ታኔሊ አርማንቶ የሚባል ፊንላንዳዊ የሠራት ሲሆን በ1997 በኖኪያ 6110 ላይ ወጣች። ሞባይል ወደ አገራችን የገባው በ1999 ነው፤ እባቧም በሻንጣ ሳይሆን በቀፎ ውስጥ ገባች። ቀጥሎ በ2009 የተቆጡት ወፎች መጡ፣ እነሱም የፊንላንድ ናቸው። ሮቪዮ የተባለው ሠሪያቸው ከነሱ በፊት 51 ጌም ሠርቶ እንደነበር ልብ በሉ። ሃምሳ አንድ ጊዜ መሞከር የሚችል ድርጅት እዚህ አገር የቱ ነው?

አሁን ወደ ናዝሬት እንመለስ። ፕሌይስቴሽን ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ። አንድ ቴሌቪዥን፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ጆይስቲክ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተራ የሚጠብቁ ልጆች። ክፍያው በጨዋታ ነው፣ የተሸነፈ ይነሳል። ሳንቲም የሌለው ቆሞ ያያል፣ ቆሞ ማየት በነፃ ነው። ሞጆም ቢሾፍቱም ሻሸመኔም ያው ነው። እንግዲህ «ኢትዮጵያዊ ለጌም ገንዘብ አያወጣም» የሚሉን ሰዎች እዚህ ቤት ገብተው አያውቁም ማለት ነው። ልጁ ይከፍላል። የሚከፍለው ግን በእጁ፣ በብር፣ ለአንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ኩኩሉ የተሸጠችበት ገበያ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ደንበኛ አያውቅም።

ያ ገበያ ምን እንደሚመስል በሌላ ዶሮ እንየው። በ2014 ማት ሆል እና አንዲ ሰም የተባሉ አውስትራሊያውያን መንገድ የምታቋርጥ ዶሮ ጌም አወጡ፣ ስሙ ክሮሲ ሮድ ነው። ጌሙ በነፃ ነው። ገንዘቡ የመጣው ተጫዋቹ ፈቅዶ ከሚያየው ማስታወቂያና በካርዱ ሌላ እንስሳ ከሚገዛው ሰው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት 10 ሚሊዮን ዶላር አስገባች። በዶሮ!

ኩኩሉም ክብር አላጣችም። በዚያው በ2018 የአፕስአፍሪካን ሽልማት አግኝታለች። ሽልማት ግን የቤት ኪራይ አይከፍልም። ያኔ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ኪስ ውስጥ ያለው የባንክ ካርድ የብር ነበር፤ ኤቲኤም ላይ ያገለግላል፣ የውጭ መደብር ላይ አያገለግልም። ማስታወቂያስ? የማስታወቂያ ዋጋ በተመልካቹ አገር ይወሰናል። አስተዋዋቂ ሊሸጥለት የማይፈልገው ሰው ዓይን ርካሽ ነው፣ የኛ ዓይን ደግሞ ከርካሾቹ ነው። ደግሞም ዳታ አጥፍቶ መጫወት ልማዳችን ነው፤ ዳታ ከጠፋ ማስታወቂያ የለም። ጌም በዜንደርና በሼርኢት ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ሠሪው ስንት ሰው እንደያዘው እንኳ አይቆጥርም። ይህ ሁሉ ሳያንስ በ2020 ሰኔ መጨረሻ፣ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ በአገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘጋ። የወተት ሻጭ ወተቱን ለጎረቤት ይሰጣል፤ የስልክ ጌም ሠሪ ምን ይስጥ?

ቅኔዎች ከዚያ ገበጣንም ወደ ስልክ አመጡ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ እኛ ግን ለዶሮዋ እናደላለን። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 የገበጣን ዓይነቶች ሲመዘግብ ሕጉ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ አሳይቷል። የቱንም ሕግ ብትመርጡ «እኛ ሰፈር እንዲህ አይደለም» የሚል አይጠፋም። ዶሮ ስትሮጥ ግን የሚከራከር የለም።

ቴሌብር በ2021 መጣ፣ ሳፋሪኮም በ2022፣ ኤምፔሳ በ2023። የኤሌክትሪክ ሒሳብ በስልክ የሚከፍል ትውልድ ሆንን። በ2022 ደግሞ ቅኔን ጨምሮ አሥር የአፍሪካ ስቱዲዮዎች በአንድ ማኅበር ተሰባሰቡ። የጋናው ሌቲ አርትስ፣ የካሜሩኑ ኪሮኦ፣ የኬንያው ኡሲኩ አሉበት። በሽታቸው አንድ ነበር፦ ተጫዋች ሞልቷል፣ ካርድ ግን የለውም። ኪሮኦ «ኦሪዮን» የተባለውን ጌሙን በ2016 ያወጣው ከተራ ሰዎች ገንዘብ አሰባስቦ፣ አክሲዮን ሸጦ ነው። እኛ አገር ዕቁብ እያለ ይህ እንዴት እንዳልታሰበ ይገርመናል።

የእንስሳ እጥረት እንደሆነ የለብንም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን። አዋሽ ፓርክ ሳላ አለ፣ አብያታ ሻላ ሰጎን አለች። ባቱ ሐይቅ ዳር ደግሞ ራሰ በራው አባ ኮዳ ዓሣ አጥማጆቹን ከበው የሚጣልለትን የዓሣ አንጀት ሲሻማ ታዩታላችሁ። ጌም ውስጥ ካስገባችሁት መሮጥ እንኳ አያስፈልገውም፣ ቆሞ ተራ መጠበቅ ያውቃል፤ ልክ እንደ ፕሌይስቴሽን ቤት ልጆች።