የበሬው ሆድና ሁለቱ ወንድማማቾች

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ዝቅ ይላል)

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻ ስለ በሬ ነው። የሚያርሰውን በሬ ማለቴ አይደለም፤ ያንን ሆዱ ባዶ የሆነውን፣ ሰው ከነካሜራው ገብቶ የዱር ወፍ ከነጎጆዋ ፎቶ የሚያነሳበትን በሬ ነው። ወሬውን የሰማችሁ አትጠፉም። የሰማችሁት ግን ግማሹ ልክ፣ ግማሹ ተረት ነው። ተረቱን ማፍረስ ደግሞ እኔ እወዳለሁ፤ አልዋሽም።

ዳራውን በአንድ ትንፋሽ ልጨርሰው፤ ዓመቶቹ ሁሉ የአውሮፓ ናቸው። ሪቻርድ ኪርተን በ1862፣ ታናሹ ቼሪ በ1871፣ እንግሊዝ አገር፣ ዮርክሻየር ውስጥ ትዌይት በምትባል መንደር ተወለዱ፤ ሪቻርድ በልጅነቱ የወፍ ጎጆ ሲፈልግ ወድቆ ዳሌውን ተጎዳ፣ ዕድሜውን ሙሉ አነከሰ፤ ለአደን የመጣ የለንደን አሳታሚ ቤት ሰው፣ ወጣቱ ሪቻርድ የወፎቹን ድምፅ አስመስሎ ሲጠራቸው ቢሰማው ተደንቆ ሥራ ሰጠው፤ ቼሪም ኋላ ተከተለው። በቃ፣ ዳራው ይኸው ነው።

(ፋታ)

አሁን ወደ ወፎቹ። በ1892 ጸደይ፣ ከለንደን ብዙም ሳይርቁ፣ ቼሪ አንድ የዘማሪ ወፍ ጎጆ ከነእንቁላሉ ፎቶ አነሳ። ስለዚህ ፎቶ ምን ሲባል ሰምታችኋል? «በዓለም የመጀመሪያው!» አይደለም። ደግሜ ልበለው፤ የመጀመሪያው አይደለም! ከዚያ 22 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1870፣ ቻርልስ ሂዊንስ የሚባል የቦስተን ሰው ስትራስቡርግ ላይ ነጭ ሽመላ ጎጆዋ ላይ እንዳለች አንስቷል። ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን የዞረችው የእንግሊዝ የምርምር መርከብ ቻሌንጀርም የደቡብ ባሕር ወፎችን በጎጇቸው ያሳዩ ፎቶዎች ይዛ ተመልሳለች። ታዲያ ኪርተኖች ምን ሠሩ? እነዚያ አንድ ሁለት ፎቶ አንስተው አለፉ፤ እነዚህ ግን ሥራዬ ብለው፣ ዕድሜያቸውን ሰጥተው ያዙት። በ1895 ስለ ብሪታንያ ወፎች ጎጆ ያሳተሙት መጽሐፍ ሥዕሎቹ በሙሉ ከዱር የተነሱ ፎቶዎች ነበሩ።

አሁንም ሌላ ተረት። የመጽሐፉ ደራሲ ሪቻርድ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ጎልቶ የሚታየው የሪቻርድ ስም ነው፤ ስለዚህ ፎቶ አንሺው ሪቻርድ ይመስላል። እውነቱ ግን ሪቻርድ ጻፈ፣ ቼሪ አነሳ። ገደል ላይ በገመድ የተንጠለጠለው፣ ካሜራውን ከመስታወት ሰሌዳው ጋር ተሸክሞ ዛፍ የወጣው፣ ቼሪ ነው። (ፋታ) ታናሽ ወንድም የሆናችሁ ይህን ታውቁታላችሁ።

ለምን ጎጆ? ለምን ቅርንጫፍ ላይ ያረፈችውን ወፍ አላነሱም? የዚያ ዘመን ካሜራ ከባድና ዘገምተኛ ነው፤ የዛሬው ረጅም ሌንስ የለም። የምትበርን ወፍ አሳድደህ አትደርስባትም። ጎጆ ግን ወፏ የግድ የምትመለስበት ቦታ ነው። እንቁላሉ ይበርዳል፣ ጫጩቱ ይርበዋል፤ ትመጣለች። ፎቶ አንሺው የሚነግደው በእናትነቷ ነው። የሙያው ውበትም ነውሩም እዚህ ጋ ነው፤ ሸፋኙን ቅጠል ገለጥ አድርጎ ፎቶ ያነሳ ሰው፣ መልሶ ካልሸፈነው ጎጆውን ለቁራ አሳየ ማለት ነው። ወፏም አብዝተው ከረበሿት ጎጆዋን ጥላ ትሄዳለች። ለዚህም ነው ብሪታንያ በ1981 ባወጣችው ሕግ ብርቅ የሆኑትን ወፎች በጎጇቸው ለማንሳት ፈቃድ የሚጠየቀው።

(ሙዚቃ፤ አጭር)

በሬው! ረስቼው አይደለም። በ1900 ወንድማማቾቹ የአውሬ ቆዳ ሞልቶ ነፍስ ያለው የሚያስመስል ባለሙያ ዘንድ ሄዱ። የእውነት የበሬ ቆዳ፣ ውስጡ ባዶ። ሰውየው ሆዱ ውስጥ ይገባል፣ ጎንበስ ይላል፣ ካሜራውን ይደግናል፣ ይጠብቃል። ሰዓታት! ሙቀቱን አስቡት፤ ሽታውን ደግሞ አታስቡት። ኋላም በግ አሠሩ፤ በግ ውስጥ ሰው አይገባምና የሚደበቀው ካሜራው ብቻ ነበር። አንድ ቀን በሬው ውስጥ የነበረው ወንድም ራሱን ስቶ ወደቀ፤ በሬውም አብሮት ተገለበጠ፣ አራት እግሩን ወደ ሰማይ ሰቀለ። ሌላኛው ወንድም ደርሶ ምን አደረገ? እንደሚተረከው፣ ከማውጣቱ በፊት ፎቶ አነሳው! የተገለበጠው በሬ ፎቶ ዛሬም አለ። (ፋታ) እኔ ወንድሜ እንዲህ ቢያደርገኝ ዓመት አላናግረውም።

አሁን ትልቁ ተረት፦ «ወፎቹ በሬ መስሏቸው ተታለሉ።» እኔ ይህን አልቀበልም። ወንድማማቾቹ ራሳቸው በሌላ ጊዜ የቅጠል ክምር፣ የውሸት ግንድ ሠርተው ተደብቀዋል፤ ያም ሠርቷል። ከእነሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ተራ የሸራ ዳስ ተክለው ተቀመጡ፤ እሱም ሠራ። ወፏ የምትፈራው እንቅስቃሴን ነው። የማይንቀሳቀስ ነገር በሬም ይሁን ሸራ ትለምደዋለች። ዳሱን ከሩቅ ትተክላለህ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ታስጠጋዋለህ፣ በመጨረሻ ከጓደኛህ ጋር አብራችሁ ትገባላችሁ፣ ጓደኛህ ብቻውን ይወጣል። ወፏ ሁለት ሲገቡ አይታ አንድ ሲወጣ ብታይ «ሄዱ» ትላለች፤ ሂሳብ አትችልም። ይኸው ነው ምስጢሩ። በሬው ለወፏ ሳይሆን ለእኛ ለሰዎች የተሠራ ይመስለኛል፤ መጽሐፍ ይሸጣል፣ አዳራሽ ይሞላል። ይኸው እኔም ስለሱ እያወራሁ ሰዓቴን ጨረስኩ።

ቼሪ ኋላ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ወርዶ በ1909 የቀድሞውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትን በፊልም ቀርጿል፤ ሪቻርድ በ1928 አረፈ፤ ቼሪ በ1940 ቢቢሲ የልጆች ፕሮግራም ላይ ቀርቦ በዚያው ዕለት ሞተ። የሬዲዮ ሰው ሆኖ አለፈ፤ የእኛ ነው እላለሁ።

ኢንጂነሩ እጁን እያውለበለበልኝ ነው። ኤማ ተርነርን ሳላነሳ ግን አልወጣም። በ1911፣ ኖርፎክ በሚገኝ የሸምበቆ ረግረግ፣ ከብሪታንያ መራባቷ አብቅቷል የተባለችን ወፍ ጫጩት ፎቶ አንስታ፣ ወፏ ተመልሳ እየፈለፈለች መሆኑን ያረጋገጠች ሴት ናት። ያለ በሬ! የሚቀጥለው ሳምንት የታሪክ ማስታወሻ ሙሉውን የእሷ ነው፤ ዳራውንም አላሳጥርም። ደኅና ሁኑ።

(የመውጫ ሙዚቃ)